የመንደራችን ስም በሰው እጅ

ጎሕ ሲቀድ ከጎንደር ስንነሣ ወንድሜ ይርጋ የአውቶቡሱን መስኮት ይዞ አብሮን ይራመድ ነበር። ወደ እስራኤል ከሚሄዱት የእኔና የእናቴ ስም ተጠርቶ የእሱ ቀረ፤ ሚስት ስላገባ ፋይሉ ተለይቷል አሉን። አውቶቡሱ ፈጠን ሲል እጁን ለቀቀ። እናቴ አዲስ አበባ እስክንገባ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ዝም ማለት አልችልበትምና ይኸው እጽፋለሁ፤ እዚያ ለቀራችሁትም፣ እዚህ መጥታችሁ እንደ እኔ ለተታለላችሁትም።

እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት በምትባለው ከተማ ብርቱካኑ ሲያብብ ከተማው ሁሉ ያውዳል፤ እሱን አልክድም። ግን ሐምሌ ላይ አንዲት ጠብታ የለም፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ዝናቡ ግድግዳ ሰንጥቆ ይገባል። ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር የተከራየናት ክፍል እንዲያ ነበረች። ባለቤቱ ጌታቸው በልጅነቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ነው። ቤት ያከራያል፣ ድረ ገጽም ይሠራል። የኛ ሰው አገኘን ብላ እናቴ ስታመሰግን ዋለች።

«ጋሼ ጌታቸው» ብዬ ስጠራው፣ «ጋድ በይኝ፤ እዚህ አገር ጋሼ የለም» አለኝ።

አንድ ቀን ሐሳቤን አጫወትሁት። ጎንደር የሚጠባበቁትን የመንደራችንን ሰዎች ፎቶ፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው ስም፣ በኢንተርኔት ላውጣው አልሁ። እዚህ በሕፃንነታቸው የመጡት ስማቸው በዕብራይስጥ ተለውጧል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መንደሩን ግን ማንም አይረሳም።

«ያላ፣ በይ እንጀምር፤ ቀላል ነው» አለ። «በመንደራችሁ ስም ዶሜን እገዛልሻለሁ። ፎቶው የሚቀመጥበትን ሆስቲንግ አንቺ ትከራያለሽ።»

ዶሜን ድረ ገጹን ለመክፈት ሰው የሚጽፈው ስም ነው፤ ሆስቲንግ ደግሞ ፎቶውና ጽሑፉ የሚቀመጥበት የኪራይ ኮምፒውተር። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያን ቀን አላወቅሁም። ሆስቲንጉ በእኔ ስም ሆነ። ስሙን ሲያስመዘግብ ግን ባለቤት በሚለው ላይ የራሱን ስም፣ የራሱን ኢሜይል ሞላ።

ይርጋ በስልኩ ፎቶ እያነሣ ይልክልኛል። ከሁሉ የጓጉት አባ ፈንታ ነበሩ፤ ሴት ልጃቸው በሕፃንነቷ በአክስቷ እጅ ወደ እስራኤል ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን አልሰሙም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ፈገግ ልበል ወይስ እንዲሁ ልሁን? ሽማግሌ መስዬ ብታፍርብኝስ?» ብለው ጠየቁት። የድረ ገጹን ስም እዚህ በየጸሎት ቤቱ በር ለጠፍን።

የእናቴ ደረት በእርጥበቱ ሲታመም ለጌታቸው ነገርሁት። «መስኮት ክፈቱ» አለኝ። ኦሺዮት ሰፈር ሌላ ቤት አግኝተን ወጣን። በዚያው ሳምንት የመንደራችንን ስም ብጽፍ የሰው ፊት የለም፤ ክፋር ማርሞሬክ የሚከራይ ደረቅ ክፍል አለ የሚል ማስታወቂያ ወጣ።

ደወልሁለት። «ሰዎቹን የት አደረጓቸው?»

«አልነካኋቸውም፤ እሆስቲንግሽ ላይ አሉ። ስሙ ግን የኔ ነው።»

«የመንደሬ ስም እንዴት የእርስዎ ይሆናል?»

«መንደሩን አይቼው አላውቅም። ስሙ ግን በእኔ ነው የተመዘገበው፤ ቤሰደር? እሺ?»

ስሙን ወደሸጠው ድርጅት ደወልሁ። የምታነጋግረኝ ልጅ ትሑት ነበረች።

«ባለቤቱ ካልጠየቀን ምንም ማድረግ አንችልም።»

«የወሰደብኝ ራሱ ባለቤቱ ነው እኮ።»

«እንግዲያውስ እሱን አነጋግሪው። ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?»

ለጀማሪዎች በሚሰጥ የኮምፒውተር ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዋ ሆስቲንጌን ስትከፍተው ሁሉም አሉ፤ አባ ፈንታም ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። አዲስ ስም በራሴ ስም፣ በራሴ ኢሜይል አስመዘገብሁና ወደ ሆስቲንጉ እንዲያመራ አደረግነው። በማግስቱ ተከፈተ። ግን በየበሩ የለጠፍነው፣ ሰው በየስልኩ የተቀባበለው የድሮውን ነው። ያን የጻፈ ሁሉ ጌታቸው ቤት ይገባል።

በፋሲካ ማግስት ይርጋ ደወለ። «አባ ፈንታን ቀበርናቸው» አለኝ። «ልጄ ፎቶውን አይታው እንደሆነ ጠይቅልኝ እያሉኝ ነበር። እኔም፣ ሳታየው አትቀርም አልኋቸው።»

ፎቷቸውን ከድረ ገጹ ላነሣው ከፈትሁና ተውሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት መዝከረት ባትያ ከምትባል ከተማ ደወለች። አማርኛዋ የሕፃን አማርኛ ነው፤ ሲጠፋት በዕብራይስጥ ትሞላዋለች። ከፋሲካ በፊት የድሮውን ስም ጸሎት ቤት በር ላይ አይታ ብትጽፈው የቤት ኪራይ ወጣባት።

«ቀለዱብኝ ብዬ ተውሁት። ዛሬ አንዲት ጓደኛዬ አዲሱን ላከችልኝ። አባቴ ነው። አፉ የኔ አፍ ነው። ስልኩን ስጭኝ፣ አሁን ልደውልለት።»

«እህቴ፣ አባ ፈንታ አርፈዋል» አልኋት። 

«መቼ?» አለች።

ነገርኋት። አላለቀሰችም። ይርጋን በመስመሩ ላይ ላስገባልሽ ወይ ብላት እሺ አለች። ይርጋ ጎንደር ላይ ስልኩን ሲያነሣ የሰው ጫጫታና የባጃጅ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«እኔ የፈንታ ልጅ ነኝ» አለችው።

ይርጋ ሰላምታውን ሲጀምር አቋረጠችው።

«ንገረኝ» አለች፣ «አባቴ በምን ስም ነበር የሚጠራኝ? እኔ ረስቼዋለሁ።»