ውሃ የሚቀልበው ተከራያችን

«ከትምህርት ቤት ብትቀሪም ማየት እንዳትተዪ» ብላኝ ነበር እናቴ ድሮ። እኔም ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየውን ወጣት ማየት አልተውኩም።

ሐይቅ ዳር ለሚከፍተው ካፌ ነው አሉ፣ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ውሃ ሞልቶ አስቀመጠ። አንድም ዓሣ ሳይከት ጠዋት ጠዋት የዓሣ ምግብ ይበትንበታል። ከውሃው በብልቃጥ ቀድቶ የሆነ ጠብታ ሲጨምርበት አረንጓዴ ይሆናል። «ገና ነው» ይላል ለብቻው።

«ማንን ነው የምትቀልበው?» አልኩት።

«ውሃውን ነው እህቴ፤ እስኪበስል ነው።»

ልጄ ደግሞ ከበሩ አልጠፋ አለች። መተት ቢሆንስ? «ልጄን አንድ ነገር ሳያደርግብኝ ይውጣልን» ስለው ባሌ ሳቀብኝ።

ተከራዩ ወጣ ሲል የግሸን ጸበሌን ይዤ ገባሁ። ለካ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቀድመውኛል፤ ዱዓ እያደረጉ ውሃው ላይ እፍ ይላሉ።

«ወላሂ፣ አንቺም?» አሉኝ።

ተከራዩ ከኋላችን ደረሰ። ከውሃው በብልቃጥ ቀድቶ ጠብታውን ጨመረ። ብልቃጡ ቢጫ ሆነ።

«ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እስኪበዙ ነበር የምጠብቀው» አለን። «ዛሬ መርዙ የለም። ነገ ዓሣ ይገባል።»

እትዬ ዘይነባ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «አየሽልኝ የዱዓዬን ሥራ?»

ጸበሌን መልሼ ከደንኩት።