ያልመለስሁት ምርኩዝ

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ምርኩዙን ቅቤ መቀባት ነበር። ባለቤቴ ጫፉን ይዞ ያዞርልኛል፤ እኔ በጨርቅ አሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

ዛሬ ቤት ስጠርግ የምርኩዙ የወይራ ሽታ ከበሩ ጥግ መጣብኝ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነበር፤ ገና ልጅ ነኝ። የታመመች እናቴንና ጎረቤታችንን እማሆይን ተከትዬ ከቢቸና ወደ ጠበል እንሄዳለን። ጫማችንን ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጫፍ አውልቀናል። ቀትር ቢሆንም ውስጡ ጨለማ ነው፤ የረገጥነው ቅጠል እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ዳገቱ ላይ እናቴን ጉልበቷ ከዳት። ሮጬ የወይራ ቅርንጫፍ ሰብሬ ሰጠኋት።

እማሆይ ደነገጡ። «አንቺ ልጅ! ከዚህ ደን ጭራሮ እንኳ አይወጣም፤ የታቦቱ ነው!»

እናቴ እያለከለከች ሳቀች። «ይተዉአት እማሆይ። ስድን እኔው ራሴ እመልሰዋለሁ።»

አልዳነችም። እማሆይ ለቅሶ ሲመጡ ምርኩዙን ከጥግ አዩት። «እንግዲህ አንቺ መልሽው፣ ልጄ» አሉኝ። እሺ አልሁ። ግን የእናቴ የእጇ ወዝ ነበረበትና አስቀረሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤቴ ከሞጣ ሐኪም ቤት «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ተብሎ ሲመለስ የተደገፈው በዚያው ምርኩዝ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ምርኩዙን ይዤ እስከ ደኑ ጫፍ እሄዳለሁ። ይዤው እመለሳለሁ።