አርባ ማይክሮሜትር በሃያ ሁለት ደቂቃ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ካናዳ፣ ዊንዘር ከተማ ውስጥ የፍሬን ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ የመለኪያ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ የተከፈለኝ ለመጠራጠር ነው። ውፍረት የምንለካበትን ማይክሮሜትር እጠራጠራለሁ፣ ሠራተኛውን እጠራጠራለሁ። ባሌ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ ሲለኝ እንኳ መጀመሪያ ሚዛኑን ገልብጬ ነው የማየው።

ረኖ ድሩያርን ግን አምነው ነበር። ረኖ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ሥራው መለኪያዎችን መፈተሽና ትክክል ናቸው ብሎ መፈረም። ቀጣሪው ታልበት የሚባል ሰው ነው፤ የመለኪያ መፈተሻ ቤት አለው። ረኖ በየጊዜው ሻንጣውን ይዞ እኛ ጋ ይመጣል፣ ልካቸው በትክክል የታወቀ ማመሳከሪያ ብረቶቹን ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፣ ከዚያ ወንበር ስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ይላል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ከመኪና የወጣ ብረት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ረኖ ጫፉን አይነካውም። አለቃችን በመስታወቱ አሻግሮ እያየ ይበግናል። እኔም ዛሬም ጡረታ ልትለማመድ መጣህ እለዋለሁ፤ እሱም አንቺ ቸኩለሽ አግብተሽ ምን አተረፍሽ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ብሎክቼይን የሚሉት ነገር መጣብን። ከወንዙ ማዶ ያሉት የዲትሮይት ደንበኞቻችን የተጭበረበረ የምስክር ወረቀት አንገፍግፏቸው ነበር። አሁን የፈታሹ ፈቃድም ሆነ የፈረመው ምስክር ወረቀት በሁለቱ አገሮች ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እኩል ይመዘገባል፤ አንዴ የገባውን ማንም አይሰርዘውም። የሚፈረመውም በእስክሪብቶ ሳይሆን እያንዳንዳችን በተሰጠን ፍላሽ ላይ ባለ ቁልፍ ነው። ሥልጠና የሰጡንን ሰዎች፣ አይሰረዝም ማለት ውሸት አይገባበትም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ዳርሊን ደወለች። ዳርሊን የዲትሮይቱ ደንበኛችን የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የላክነው ዕቃ ከልኩ ወፍሮ መጥቷል አለችኝ፤ የለካንባቸው ማይክሮሜትሮች ግን ታልበት ቤት ተልከው በረኖ ፊርማ ተረጋግጠው የተመለሱ ናቸው። መዝገቡን ከፈትኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ፣ በሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ አርባ ማይክሮሜትር ተፈርሟል።

ደሜ ፈላ። ለካ እኛ ፊት ቲያትር ሲሠራብን ኖሯል፤ እዚያ ሲሄድ በዓይኑ ገምቶ ይፈርማል! ልደውልለት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ይልቅ ረኖ ድሩያር ሳይለካ ፈርሟል የሚል ክስ ጻፍኩ፣ በቁልፌ ፈረምኩ፣ መዝገቡ ላይ አስገባሁት።

በማግስቱ ረኖ ለሥራ መጣ። ክስ እንዳስገባሁ አልነገርኩትም፤ የፊርማዎቹን ዝርዝር ብቻ ፊቱ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አድርጎ ቆይቶ አነበበው።

«ያን ማክሰኞ እኮ እዚህ ነበርኩ» አለ።

«እዚህ የት?»

«እዚህ ነዋ። አጠገብሽ።»

የእንግዳ መዝገባችንን አወጣሁ። ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ከጎኑ የእኔ ፊርማ። የዚያን ቀን ለሁለታችን ያመጣውን የቅቤ ኬክ እንኳ የእሱንም ድርሻ በልቼበታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሱ ሙያ ከድሮ ጀምሮ የፈታሹ ማኅተም ቢሮ ውስጥ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰውየው መስክ ሲወጣ ወረቀት እንዳይቆም ጸሐፊዋ ትመታለታለች። ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም እንደ ነውር አያየውም። ረኖም ቁልፉ ያለበት ፍላሽ ሲሰጠው ወስዶ እዚያው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ሥራ የተቆለለበት ታልበት መሣሪያዎቹን ሳያስለካ በረኖ ቁልፍ አሳለፋቸው። መዝገቡ የሚያውቀው ቁልፉን ነው፤ ማን እንደያዘው ምን ያውቃል?

ዝም በል አልኩት። ቸኩዬ ሳልለካ ፈረምኩ ካልክ ስድስት ወር ታግደህ ትመለሳለህ፣ ቁልፌን ለሰው ሰጠሁ ካልክ ግን ፈቃድህ በሁለቱም አገር እስከ መጨረሻው ይሰረዛል ብዬ ለመንኩት።

«በዚያ ቁልፍ ከሦስት መቶ በላይ ተፈርሟል» አለኝ። «እኔ የለካሁት የቱ እንደሆነ ከእኔ በቀር ማን ይለያል? ፍሬን ነው እኮ፣ ግሌኒስ።»

ሦስት ቀን እኔ ክፍል ተቀምጦ የግል ማስታወሻ ደብተሩን ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። መቶ አሥራ ስምንቱ የእሱ አልነበሩም። ዝርዝሩን ቁልፉን እንዴት እንደሰጠ ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ለዳርሊንም ለፈቃድ ሰጪዎቹም ላከ፤ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም መሣሪያዎቹ ከየፋብሪካው ተሰበሰቡ። ታልበት፣ እኔም በሠራተኛዬ ተታለልኩ ብሎ አረፈው፤ ዛሬም ድረስ ቃሉን አላምነውም። ፋሲካ ሳይደርስ የረኖ ፈቃድ ተሰረዘ። አርባ አንድ ዓመት የሠራበት ሙያ ነበር።

እኛ ጋ የቀረ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ አላስቻለኝም።

«መጀመሪያ የከሰስኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሳልጠይቅህ። ክሱን አንሱልኝ ብዬ ለመዝገቡ ሰዎች ጽፌ ነበር፣ አንዴ የገባ አይነሳም አሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ሻንጣውን እየዘጋ። «ዝርዝሩን ያሳየሽኝ ዕለት ማታ መዝገቡ ላይ ነው ያየሁት። ስምሽም ሰዓቱም አለበት። ሦስቱን ቀን አጠገብሽ ስሠራ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»