አንደኛ ፎቅን ማለፍ

አራተኛ ፎቅ ለመድረስ አንደኛ ፎቅን ማለፍ ግድ ነው። ይህን ለማወቅ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም፤ እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆናል ብዬ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ላፍቶ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም። ደረጃው አንድ ነው፤ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት የእትዬ በር ደግሞ ደረጃው ላይ አፍጥጦ ይገኛል። እና እኔ፣ የአርባ ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሰው «ወይዘሮ» የሚለኝ የልጅ እናት፣ ከሥራ ስመለስ ድምፅ እንዳያሰማ ጫማዬን አውልቄ በእጄ እየያዝኩ ሽቅብ እወጣ ነበር። አንድ ቀን የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ እንዲህ ሆኜ አገኘችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ «እግሬን አሞኝ ነው» አልኳት። እሷም አዘነችልኝና ለሳምንት ያህል ባየችኝ ቁጥር እግሬን ስትጠይቀኝ ሰነበተች።

እግሬ ደህና ነበር። ለእትዬ ሰማንያ ሺህ ብር ዕዳ ስለነበረብኝ ነው።

እትዬ ነፋስ ስልክ ካለ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ወደ ሕንፃው የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ችግር ገጠመኝ፤ ትምህርት ቤቷ ዘጠኝ ተኩል ይለቃል፣ እኔ ደግሞ ጎፋ ካለው መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤቴ የምገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ነው። ለሞግዚት የሚሆን ደመወዝ የለኝም። ይህን የሰሙት እትዬ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙኝና «እኔ ምን ሥራ አለኝ? እዚሁ ትዋልልኝ» አሉ። በዚያው ቀረ። ልጄ መክሰሷን እሳቸው ዘንድ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲከትፉ ያነበበችውን ታወራላቸዋለች። «እማማ» ነው የምትላቸው። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም፤ ልክፈል ብል የሚቀየሙ ሰው ናቸው።

ዕዳው የመጣው አንድ ሰኞ ቀን ነው። ባሌ ሁለት ቀን ሙሉ «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» እያለ የታገሠው ሕመም ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፤ ፈንድቷል። የወሰድነው የግል ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተቀማጭ ገንዘብ ጠየቀን። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው። ያለንን ብንሰበስብ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ዘመድ ጋ ደወልኩ፤ ያነሳውም ያላነሳውም አንድ ሆነብኝ። ለእትዬ የደወልኩት ብር ልጠይቃቸው አልነበረም፤ «ልጄ ዛሬ እርስዎ ጋ ታምሽ» ልላቸው ነው። ድምፄን ሲሰሙ ግን ሁሉንም አስለፈለፉኝ። ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከባንክ ያወጡትን ብር በጥቁር ፌስታል ይዘው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ወረቀት እንጻፍ እትዬ» አልኳቸው።

«ወረቀት ነው የሚያድነው? ሂጂ ሰውዬሽን አሳክሚ።»

«መቼ ልመልስልዎት?»

«ሲመችሽ» አሉኝ።

ባሌ ዳነ። እኔ ግን በዚያች ቃል ታመምኩ። የዛሬ ስድስት ወር ቢሉኝ ኖሮ ስድስት ወር ሙሉ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። ሲመችሽ የሚባል ቀን ካላንደር ላይ የለም፤ ስለዚህ በየቀኑ ይመጣል። ካልሲ ስገዛ፣ እንግዲህ ተመችቶኛል ማለት ነው? ፀጉሬን ስሠራስ? ቡና እየጠጣሁ ስስቅ አይተውኝ ቢሆንስ? እትዬ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚሉኝ ያንኑ የድሮውን ነው፤ «እንዴት ነሽ፣ ሰውየው በረታ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው?» እኔ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ «ብሬን» የሚል እሰማ ነበር። ሥራ እንዴት ነው ያሉኝ ደመወዝ ወጣ ወይ ለማለት ነው ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ተገላብጬአለሁ። ሴትዮዋ እንዲህ አስበው አያውቁም። ይህን ያኔም በደንብ አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን እንቅልፍ አላመጣልኝም።

መደበቅ ጀመርኩ። ማታ ልጄን ከእትዬ ዘንድ የሚወስዳት ባሌ ሆነ። ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ስገዛ ካርቶኑን ሱቁ ውስጥ ትቼ ጫማውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሥጋ የገዛሁ ቀን ከላዩ ጎመን ደረብኩበት። ለፋሲካ ባሌ ዶሮ ሊገዛ ሲወጣ «እትዬ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ሳትጠብቅ እንዳትገባ» ብዬ አስጠነቀቅኩት። ጠብቆ ገባ። ያ እርጉም አውራ ዶሮ ግን አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ክንፉን አራግፎ ጮኸ። እትዬ ለካ ጉልበታቸውን አሟቸው አልሄዱም ነበር። በራቸውን ከፍተው ዶሮውን አገላብጠው አዩና «ጥሩ ነው፤ ግን አስወድደውብሃል» አሉት። ባሌ ይህን እየሳቀ ሲነግረኝ እኔ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አንቺ የምትፈሪው ዕዳውን አይደለም፤ ሰላምታውን ነው» አለኝ። እሱ እትዬ በር ላይ ቆሞ ሩብ ሰዓት ያወራል፤ አምፖል ይቀይርላቸዋል። ቀላል ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ቅለቱ እጅግ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አምስት ሺህ ብር አጠራቀምኩ። ፖስታ ውስጥ ከትቼ በራቸው ድረስ ወረድኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ ተመለስኩ። ሰማንያ ሺህ ብር በፌስታል ይዞ ለሮጠልኝ ሰው አምስት ሺህ ብር ይዤ መቅረብ ስድብ መሰለኝ። ሙሉውን አምጥቼ፣ ቀና ብዬ፣ አንድ ቀን እገላገላለሁ አልኩ። እንዲህ ብዬ በመወሰኔ ያን ሰሞን ራሴን ጨዋ ሴት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ፖስታው ተመልሶ ለቤት ኪራይ ሄደ።

ቀጥሎ የሠራሁትን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንድ ቀን ባሌ አምሽቶ እኔ ልጄን ልወስድ በተከፈተው በር ስገባ እትዬ እንጀራ እያጎረሷት ነው። ከድስቱ የቀረውን ጠራርገው ለእሷ ሰጥተዋታል፤ ለራሳቸው ምን እንደቀራቸው አላውቅም። ፊቴ ጋለ። ብራቸውን ይዤ ልጄ ደግሞ እራታቸውን ትበላለች አልኩ በልቤ። ሰው ምን ይላል? በማግስቱ ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና «ትምህርት ቤታቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ጀምሯል፤ ከእንግዲህ እስከ አሥራ አንድ ተኩል እዚያው ትቆያለች» አልኳቸው።

«እንዲህ ነው?» አሉ። ቀጥለውም «ጎበዝ ትሁን እንግዲህ» አሉኝ።

ልጄ ቁልፍ በቦርሳዋ ይዛ ብቻዋን ቤት መዋል ጀመረች። ስምንት ዓመቷ ነበር። ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ በሩን ቆልፋ ትቀመጣለች፤ በየሰዓቱ እደውላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን ለማደርም አልበቃም። የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ናት ያልኳት ልጅ በማግስቱ በዘጠኝ ተኩል በእትዬ በር ላይ አልፋ ወደ ላይ መውጣት ነበረባት። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ። ደረጃው እኮ አንድ ነው። ይህን እንዴት ሳላስበው እንደቀረሁ ዛሬም ይገርመኛል።

እትዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ጊዜ ሁሉ ሩጫ ነው። መሥሪያ ቤት ዕቁብ ገባሁ። ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ መካኒሳ አቦ ሄጄ የሁለት ልጆች አስጠኚ ሆንኩ። የሰው ልጆች ክፍልፋይ ሳስተምር የእኔዋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ባሌ ከባድ ማንሳት ስለተከለከለ የግንባታ ሥራውን ትቶ መጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ ቅዳሜና እሑድ ቀለም ይቀባል። እራት ላይ የምናወራው የማን ተራ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ማን ዳቦ ይገዛል፣ ማን ወላጅ ስብሰባ ይሄዳል። ባሌን ያለምክንያት እቆጣለሁ። ልጄን በደግነት ማናገር የቻልኩት በስልክ ብቻ ነበር።

አንድ የአቦ ዕለት የማስጠናቸው ልጆች ታመሙና ቶሎ ገባሁ። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ቁራጭ ድፎ ዳቦ አስቀምጣ ትበላለች።

«ከየት አመጣሽው?»

«እማማ ሰጡኝ። በራቸው ላይ ሳልፍ ጠሩኝ።»

«እዚያ አትሂጂ አላልኩሽም?»

«አልገባሁም። በር ላይ ነው የሰጡኝ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም እንዳልል አውቀዋለሁ። አፍሬ ነበር፤ እፍረቴም እሷ ላይ ወጣ። ጮኽኩባት። ዳቦውን በመጣበት ወረቀት ጠቅልዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩና «አሁኑኑ መልሺ። ጠግበናል በያቸው» አልኳት። አንድ ጎኑ ተገምጧል። ልጄ አየችኝ፤ አላለቀሰችም። ጫማዋን አድርጋ ወረደች። በሩን ገርበብ አድርጌ ኮቴዋን አዳመጥኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። ሲንኳኳ ሰማሁ። ወዲያው ኮቴዋ ወደ ላይ ተመለሰ።

«ምን አሉሽ?»

«እሺ አሉኝ» ብላ ክፍሏ ገባች።

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ በእትዬ በር ላይ ስታልፍ እየሮጠች እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። እኔ ጫማ አወልቃለሁ፣ እሷ ትሮጣለች። ያን ጊዜ ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ልክፈልና ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ። ዕዳው ሲያልቅ ቤቴ ይስተካከላል፣ እንቅልፌ ይመለሳል፣ ልጄም ወደ እማማዋ ትወርዳለች። ሁሉን ነገር በዚያች ቀን ላይ አንጠለጠልኩት።

የዕቁብ ዕጣዬ ባለፈው ኅዳር ወጣ። ቢሮ ውስጥ እልል አልኩ፤ ኃላፊያችን ብቅ ብሎ ምን ተፈጠረ አለ። ያስጠናሁበትንና ባሌ ቀለም የቀባበትን ስንጨምርበት ሞላ። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን አድርጌ፣ ኮቴዬን እያሰማሁ ወረድኩና አንኳኳሁ።

እትዬ ከስተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፣ አስቀመጡኝ። ብሩን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጠው «ይሄ ሁሉ?» አሉ።

«ሙሉው ነው እትዬ። ይቁጠሩት።»

«ምኑ ይቆጠራል» ብለው ከሶፋው ትራስ ሥር ሸጎጡት። ስለ ባሌ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ያንን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁት እፎይታ ይመጣል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኩሽናቸው ዞረው አዩ።

«ልጅቷ ረዘመችሳ» አሉኝ። «በዚያ በኩሽናው መስኮት ነው የማያት። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ወንበር አስጠግቼ እቀመጣለሁ። ምን እንዳሯሯጣት እንጃ፣ ሽው ብላ ነው የምታልፈው።»

መስኮቱ ደረጃው ላይ ነው የሚያየው። እኔንስ አይተውኝ ያውቁ እንደሆን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። «ይቅር ይበሉኝ» ለማለት ጀመርኩና «ሥራ በዛብኝ እኮ» ብዬ ጨረስኩት።

«አውቃለሁ። ሰኞ ላኪልኝ» አሉ እትዬ። «ሽሮም ብትሆን አብረን እንበላለን።»

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ልጄ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አሥር ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ እውነትም ረዝማለች።

«ከሰኞ ጀምሮ እማማ ጋ ትውያለሽ» አልኳት።

«ለምን?»

«ብራቸውን መለስንላቸዋ። አሁን ምንም የለብንም። እንደ ድሮሽ ሄደሽ ማንኳኳት ብቻ ነው።»

እርሳሷን አስቀመጠች። የተናደደች አትመስልም፤ የምር አስባበት ነው የጠየቀችኝ።

«ምን ብዬ ላንኳኳ?»

እኔ ራሴ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አንድ ቀን ደፍሬ ያንኳኳሁት ሰማንያ ሺህ ብር ይዤ ነው።