የላንድሮቨሩን እሳት ያዘገየሁት እኔ ነኝ

ልጅ እያለሁ እጄ ማረፍ አያውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ዴስክ እደበድባለሁ፣ ቤት የሬዲዮኑን ቁልፍ አዞራለሁ፣ መንገድ ላይ የሰው በር መቀርቀሪያ ሳልነካ አላልፍም። አስተማሪያችን አንዴ እጄን ከወንበሩ ጋር በገመድ አሰረው፤ ደወል ሳይደወል ገመዱን ፈትቼ የጎኔን ልጅ አስሬበት ተገኘሁ። ዛሬ ማንም ሳያስተምረኝ ነቀምቴ ውስጥ መካኒክ የሆንኩት በዚችው እጅ ነው። ከኔ የተሻለ አለ የሚል ካለ መኪናውን ይዞ ይምጣ። ግን ይቺው እጅ አንድ ጊዜ አባቴን ልታሳስርብኝ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ የሚነዳውም አሮጌ ላንድሮቨር። መኪናው የመንግሥት ቢሆንም እኔ ለሰፈሬ ለጨለለቂ ልጆች የኛ ነው ብዬ ነግሬያለሁ። ባኮ ድረስ ነድቼዋለሁም ብያለሁ። ጅብ ገጭቼበታለሁም ብያለሁ። የሞተሩን ድምፅ በአፌ ሳስመስል ግን ውሸት አልነበረበትም፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባባ መኪናውን ሲያጥብ ኮፈኑን ከፍቶ ጨርቅ ሰጠኝና ጥረግ አለኝ። የቤንዚኑ፣ የተቃጠለው ዘይትና የእርጥብ አቧራው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ስጠርግ እጄ አንድ ጥቁር ነገር አገኘች፤ አናቱ ላይ ወፋፍራም ገመዶች ተሰክተውበታል። አንገቱን ይዤ ሳዞረው ትንሽ ዞረ። ደስ አለኝ፤ እንደዞረ ተውኩት።

ሰኞ አባባ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ይዞ ወደ ጊምቢ ወረደ። ደዴሳን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ውሃው ፈላ፣ ከኋላ የጭስ ማውጫው "ጧ!" አለ። ጓድ ኃላፊው ተኩስ መስሏቸው ከመኪናው ወርደው ቦይ ውስጥ ተኙ። በመንገዱ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየ። አባባ እጃቸውን ይዞ ሲያወጣቸው ካፖርታቸው ጭቃ ነበር። ስብሰባውም አመለጣቸው፤ ነቀምቴ ሲመለሱ አፋቸው ላይ የነበረችው ቃል አንድ ብቻ ነበረች፦ አሻጥር። ያኔ ያቺ ቃል የተለጠፈችበት ሰው ሥራ ብቻ አይደለም የሚያጣው። ምክንያቱ እስከ ሐሙስ ካልተገኘ የአባባ ጉዳይ ለኮሚቴ ይቀርባል ተባለ።

መኪናውን የያዘው ኦቦ ተሲሳ ነበር፤ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሚመጣ፣ እጁ የተመሰከረለት መካኒክ። ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራቶር አጠበ፣ ራዲያተር አወረደ። ያ ጥቁር ነገር የሚቆጣጠረውን የእሳቱን ሰዓት፣ ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ቅጽበት ግን አላየም። ለምን ይየው? ባለፈው ሳምንት ራሱ ነው ያስተካከለው፤ ኦቦ ተሲሳ የነካው ነገር ይበላሻል ብሎ አያስብም።

እኔ ግን ማክሰኞ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በር ላይ ቆሜ ሞተሩን ሰማሁት። ድምፁ ጎርናና ሆኗል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። በአፌ የማስመስለው ያ ድምፅ አይደለም። እጄ ወዲያው ትዝ አላት።

ረቡዕ ራት ላይ አባባ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። እማማ ለምን ብላ አልጠየቀችውም፤ የሚወሰድ ሰው ሰዓቱ እንደማይመለስ ታውቃለች። ጉርሻዬን አስቀምጬ ተናገርኩ። ያን ጥቁር ነገር ያዞርኩት እኔ ነኝ አልኩ። አባባ ቀና እንኳ አላለም።

"አንተ ያላረግኸው ምን አለ? ጅቡንም ገጭተኸዋል።"

እውነቱን ነው። በልጅነቴ ሙሉ አንድ እውነት ባወራ እሷንም እንደ ጉራ ቆጠሩብኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤት ትቼ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሮጥኩ። ሞተሩ ተነስቶ ይንተፋተፋል። ኦቦ ተሲሳ ፒንሳ ይዞ አጎንብሷል፣ አባባ ሰዓት የሌለበትን እጁን ያሻል፣ ጓድ ኃላፊው አንድ የዘይት በርሜል ጋ ቆመዋል።

"ማሎ ጉርባ፣ እባክህ አንተ ልጅ፣ ዛሬ ቀልድ የለም" አለኝ ኦቦ ተሲሳ።

ባምፐሩ ላይ ወጥቼ የዚያን ጥቁር ነገር አንገት ጨመደድኩት። ኮረንቲው እስከ ክርኔ መታኝ፤ ወንድ ስለሆንኩ አልለቀቅኩም። እሺ፣ ልለቅ ብዬ እጄ እምቢ ብላኝ ነው። አዞርኩት። ሞተሩ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው ድምፁ ጠራ። ወደነበረበት መለስኩት፤ ጎረነነና "ጧ!" አለ። ጓድ ከበርሜሉ ጀርባ ተቀመጡ። እንደገና አዞርኩት፤ እንደገና ጠራ። ካንዴላው እሳቱን በሰዓቱ ካልሰጠ የቤንዚኑ ጉልበት መኪናውን መግፋቱን ትቶ በጭስ ማውጫ ነው የሚወጣው፤ ያን ቀን ይሄን በስሙ የሚጠራው ኦቦ ተሲሳ ብቻ ነበር፣ በእጁ የሚያውቀው ግን እኔ።

ጓድ ቀስ ብለው ተነሱ። "ማን ላከህ?" አሉኝ።

ኦቦ ተሲሳ ጣቱን አንገቱን በምትይዝ አንዲት ቡሎን ላይ አሳረፈ። ልጅ እንዲህ በእጁ የሚያዞረው ቡሎኑ ስለላላ ነው፣ ሳላጠብቀው የሄድኩት ደግሞ እኔ ነኝ አለ። ላቡ ይታየኝ ነበር።

"ስለዚህ ተማክራችሁ ነው?" አሉ ጓድ። ባሰ።

ያኔ አባባ ተናገረ። "ጓድ፣ ይሄን ልጅ የሚልክ ሰው የለም። ጨው አምጣ ብዬ ስልከው ሳሙና ይዞ ነው የሚመጣ።"

ጓድ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም። ሰው ከሳቀ በኋላ አሻጥር የምትለዋን ቃል መልሶ አፉ ውስጥ ማግባት ይከብደዋል። ቡሎኑን አጥብቁት ብለው ሄዱ።

ቤት ስንገባ አባባ በቀበቶ ገረፈኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ ሰዓቱን ከቁም ሳጥኑ አወጣ። ማሰሪያውን ግን መቆለፍ አቃተው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እንባዬን ጠርጌ እኔ አሰርኩለት።

ዛሬ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ላስቲክ ብቻ ነው፤ የልጅ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ችግሩን ኮምፒውተር ያነበዋል፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ አዎ አዎ እላለሁ። በቀደም ይሄን ታሪክ ለልጄ ነገርኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል "አባ፣ ጅቡንም ገጭተሃል አይደል?" አለኝ። ላንድሮቨሩ ቢኖር አሳየው ነበር። አባባም ኦቦ ተሲሳም የሉም፤ ምስክር አልቆብኛል። እጄ ላይ ያለውን የአባባን ሰዓት ፈታሁ። እኔ ገና ጎበዝ ነኝ፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። ግን እስቲ እሰርልኝ አልኩት።