ከነአያቴ የተጠራሁ ቀን

ልጄ አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ኪፓንዴ፣ የኬንያን መታወቂያ ማለቴ ነው፣ ልታወጣ ነው። እኛ በኬንያዋ ሞያሌ ደግሞ ያንን ለማግኘት አባት ከልጁ ጋር ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ማንነቱን ይጠየቅ ነበር። እናቷ የዚሁ አገር ቦረና ናት፤ ልጄም የተወለደችው እዚሁ ኬንያ፣ ሶሎሎ ሆስፒታል ነው። ችግሩ እኔ ነኝ።

ያኔ ከኢትዮጵያ ተሰድጄ ዋልዳ፣ የስደተኞች ካምፕ ስመዘገብ «አስተማሪ ነኝ» አልኩ። ውሸት አይደለም። አስተምር ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ለከተማችን ቡድን በቀኝ ክንፍ እጫወት ነበር፣ ያለ ደሞዝ፣ አንዳንዴም ያለ ጫማ። ያልተናገርኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከኳስ ሜዳ አፍሰው ጦር ሜዳ ወሰዱኝ፤ ሰባት ዓመት ጠመንጃ ተሸከምኩ። መንግሥት ሲወድቅ መሣሪያዬን ጥዬ ድንበር ተሻገርኩ። «የሌላ አገር ወታደር ልጅ ናት» ብለው ቢመልሷትስ?

«አባትሽ ምንድነው ሲሉሽ?» እላታለሁ።

«አስተማሪና ኳስ ተጫዋች።»

«ሌላስ?»

«ውይ አባዬ፣ አሁንስ አበዛኸው!»

በቀጠሮው ቀን የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ የቺፉ፣ ቢሮ ደጃፍ ተቀምጠን ጠበቅን። ጸሐፊው ብቅ አለና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠራ። እዚህ ሰው ሁሉ በስዋሂሊ «ምዋሊሙ»፣ መምህር፣ ነው የሚለኝ። ከነአያቴ የተጠራሁት ለመጨረሻ ጊዜ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው።

«አቤት!» ብዬ ጮህኩ። ተረከዜን አጋጭቼ፣ እጄን ከጭኔ አጣብቄ ቀጥ! ወይ የኔ ነገር! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። ማዶ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ሲነግድ በለመደው አማርኛ፣ «ምዋሊሙ» አለኝ፣ «የሰፈሩን ልጆች ኳስ ሳታስጀምር ‹ወደ ቀኝ ተመልከት!› እያልክ ስታሰልፋቸው ስንት ዓመት አየንህ? በሌለህበት አስር አለቃ ነው የምንልህ። ግባ፣ ልጅቷን እናውቃታለን።»

አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ፎርሟን ፈረሙላት። ሠላሳ ዓመት የደበቅኩት ጉድ የሰፈር ቅጽል ስም ሆኖ አረፈው! እፎይ አልኩ፤ ተናደድኩም።

ስንመለስ ልጄን ጠየቅኳት።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ሰው ገድለሃል?»

ያዘጋጀሁት ሽማግሌዎቹ ቢጠይቁኝ የምለውን ነበር።

«ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ቤታችን ከመንገዱ ማዶ ነው። ክንዴን እንደያዘች ከብት የጫነ መኪና እስኪያልፍ ቆምን። አለፈ። ምነው ሌላ መኪና መጥቶ ትንሽ ባቆየን አልኩ።