ማዘጋጃ ቤት የወሰድኳቸው ምስክር

ባለፈው ወር የልደት ማስረጃ ላወጣ ተወልጄ ወዳደግሁባት ቡራዩ ሄድኩ። የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ "እዚህ መወለድዎን የሚመሰክር ሰው ያምጡ" አለችኝ። ሰፈራችን ፎቅ በፎቅ ሆኖ የማውቀው በር ጠፍቶብኝ ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ የድሮ ጎረቤታችንን ኦቦ ቶሎሳን አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ስሜን ነግሬያቸው፣ እጃቸውን ይዤ ቢሮ አደረስኳቸው።

"ያውቁታል?" አለቻቸው።

"አላውቀውም" አሉ ፍርጥም ብለው። "እኔ የማውቀው ልጅ የሚያወራኝ በኦሮምኛ ነበር። ይሄ ከመጣ ጀምሮ አማርኛ ብቻ ነው።"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ላብ አጠመቀኝ። ከኦቦ ቶሎሳ ልጆች ጋር ገፈርሳ ባሕር ዛፍ ውስጥ ስንሯሯጥ ቀኑን ሙሉ የምንጮኸው በዚያው ቋንቋ ነበር። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ስኖር የት እንደጣልኩት እንጃ። ሰላምታውንማ ማንም ያውቀዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል አልመጣልህ አለኝ።

ድንገት ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። በቆሎአቸውን ስንሰርቅ በዱላ እያባረሩ በኦሮምኛ የሚሰድቡን ስድብ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳበሱኝ።

"ጻፊለት፣ ልጄ" አሏት። "የእኛው ሌባ ነው።"